አንድ መስመር ደብዳቤ፦ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲና የኮንፊሺየስ ኢንስቲትዩት እንዴት ተለያዩ?

ደብዳቤው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበረው። ሐሳቡ ባጭሩ፦ ዩኒቨርሲቲያችሁ መውጣት ከፈለገ እኔ እስማማለሁ። ላኪዋ ሹ ሊን ይባላሉ። በዓለም ዙሪያ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ቻይንኛ የሚያስተምሩትን የኮንፊሺየስ ኢንስቲትዩቶች ከቤጂንግ ሆኖ የሚመራው የሀንባን ዋና ዳይሬክተር ነበሩ። የተላከው ለቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነው።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ይሄኛው ግን አደባባይ ወጣ። ያወጣው ደግሞ ተቀባዩ አይደለም፤ የላኪዋ ወገን ነው። ሴፕቴምበር 2014 የሻንጋዩ ጄፋንግ ዴይሊ ጋዜጣ ስለ ሹ ሊን ሰፊ ጽሑፍ ይዞ ወጣ። ጽሑፉ ሙገሳ ነበር። የሴትዮዋን ቆራጥነት ለማሳየት ሲል የደብዳቤውን ነገር አነሣ። ቺካጎዎች ደብዳቤው ሲደርሳቸው ተጨነቁ፣ ወዲያው ኢንስቲትዩቱን በአግባቡ እናስቀጥላለን ብለው መለሱ ብሎ ጻፈ።

ሳምንት አልቆየም። ሴፕቴምበር 25 ዩኒቨርሲቲው መግለጫ አወጣ። ውሉን ለማደስ የተጀመረው ድርድር ተቋርጧል አለ። ምክንያቱንም አልደበቀም። ስለ ሀንባን ዋና ዳይሬክተር በወጣው ጽሑፍ ላይ ስለ እኛ የተባለው ነገር በእኩልነት አብሮ ከመሥራት ጋር አይሄድም አለ። ከ4 ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 29፣ የ5 ዓመቱ ውል ጊዜው አለቀ። በዚያው ቀረ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ላይ ላዩን ሲታይ ነገሩ የክብር ጉዳይ ይመስላል። ተሰደብን ብለው የተኳረፉ ሁለት ትልልቅ ተቋማት። እኔ ግን ይህን ጉዳይ የምጽፈው ለኩርፊያው አይደለም። ከደብዳቤው በፊት 4 ዓመት ሙሉ የቺካጎ መምህራን አንድ ጥያቄ ይዘው ሲሟገቱ ነበር። ጥያቄው ስለ ቻይና አልነበረም ማለት ይቻላል። ክፍል ውስጥ ገብቶ የሚያስተምረውን ሰው የሚመርጠው ማነው? የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ የትም አገር ያለን ተማሪና አስተማሪ ይመለከታል።

ሀንባን ምን ይዞ ይመጣል?

ሀንባን በ1987 የተቋቋመ መሥሪያ ቤት ነበር። ሥራው ቻይንኛን ለውጭ ሰዎች ማስተማር ነበር። ከቻይና ትምህርት ሚኒስቴር ሥር ነበር። የኮንፊሺየስ ኢንስቲትዩቶች የበላይ ምክር ቤት ሰብሳቢ ግን በ2014 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሊዩ ያንዶንግ ነበሩ። ከዚህ መረዳት የሚቻለው፣ ጉዳዩ ለቻይና መንግሥት የአንድ ቋንቋ ትምህርት ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳልነበረ ነው። የፓርቲው ከፍተኛ አመራር የነበሩት ሊ ቻንግቹንም በ2009 ኢንስቲትዩቶቹ የቻይና የውጭ ፕሮፓጋንዳ ሥራ አስፈላጊ ክፍል ናቸው ማለታቸው ተዘግቧል። በነገራችን ላይ ፕሮፓጋንዳ የሚለው ቃል በእነሱ ዘንድ እንደ እኛ ጆሮ አይከብድም። የማስተዋወቅ ሥራ ለማለትም ይጠቀሙበታል።

የመጀመሪያው ኢንስቲትዩት በኖቬምበር 2004 ሴኡል ላይ ተከፈተ። አፍሪካ ውስጥ የመጀመሪያው በ2005 ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2014 መጨረሻ 126 አገሮች ውስጥ 475 ኢንስቲትዩቶች ነበሩ። በትምህርት ቤቶች የተከፈቱት አነስተኛ የኮንፊሺየስ ክፍሎች ደግሞ 851 ደርሰው ነበር። ይህ ሁሉ በ10 ዓመት ውስጥ ነው። በጣም ፈጣን ነው።

ስሙም የሚገርም ታሪክ አለው። በ1966 የማኦ ወጣት ደጋፊዎች የነበሩት ቀይ ዘቦች የኮንፊሺየስ የትውልድ ከተማ ወደሆነችው ቹፉ ሄደው መቅደሱንና መቃብሩን አፈራርሰዋል። በ1970ዎቹም ኮንፊሺየስን የሚያወግዝ አገር አቀፍ ዘመቻ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ ያው አገር አንጋፋውን ጠቢብ የባህሉ አምባሳደር አድርጎ ዓለም ላይ ላከው። ምርጫው ብልህ ነው። በማኦ ስም የሚጠራ ተቋም ቢሆን ኖሮ ስንት ዩኒቨርሲቲ በር ይከፍት ነበር?

አንድ ሰው ታዲያ ምን አለበት? ሊል ይችላል። ጀርመን ጎተ አላት፣ ፈረንሳይ አሊያንስ አላት፣ እንግሊዝ ብሪቲሽ ካውንስል አላት። አዲስ አበባ ያደገ ሰው እነዚህን ስሞች ያውቃቸዋል። ፊልም ያየንባቸው፣ መጽሐፍ የተዋስንባቸው ናቸው። ልዩነቱ በሩ ላይ ነው። እነዚህ የራሳቸው ግቢ፣ የራሳቸው በር አላቸው። ጎተ የሚሄድ ተማሪ ጀርመን መንግሥት ወደሚደግፈው ቤት እየገባ እንደሆነ ያውቃል። የኮንፊሺየስ ኢንስቲትዩት ግን የሚቀመጠው ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ስም ይይዛል። አንዳንድ ቦታ፣ ቺካጎን ጨምሮ፣ መምህራኑ ለዲግሪ የሚቆጠር ክሬዲት ያለው ኮርስ ያስተምሩ ነበር።

በሀንባን ዘመን ይዞት የሚመጣው ነገር ቀላል አልነበረም። የመነሻ ገንዘብ ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ ከ100,000 እስከ 150,000 ዶላር። መጻሕፍት ይልካል። መምህራን ይልካል፤ ደመወዛቸውንና የአውሮፕላን ትኬታቸውን ይሸፍናል። ከቻይና አንድ አጋር ዩኒቨርሲቲ ይመደባል። የቺካጎ አጋር ቤጂንግ ያለው ሬንሚን ዩኒቨርሲቲ ነበር። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ቢሮና ክፍል ይሰጣል፣ የራሱን ድርሻ ያዋጣል። በጀቱ ለተመናመነበት የቋንቋ ክፍል ይህ ሲሳይ ነው። ማንም ኃላፊ እምቢ ለማለት ይከብደዋል።

ችግሩ ያለው በወረቀቱ ውስጥ ነው። የኢንስቲትዩቶቹ መተዳደሪያ ደንብ፣ ኢንስቲትዩቶቹ ያሉበትን አገር ሕግ ያክብሩ ይላል። የቻይናን ሕግም አይጥሱ ይላል። ሁለቱ ሕጎች ሲጋጩስ? ቻይና ውስጥ የራሴ ግዛት ናት ስለምትላት ስለ ታይዋን፣ ስለ ቲቤት፣ በ1989 ቲያናንመን አደባባይ ስለሆነው ነገር በነጻነት ማስተማር አይቻልም። አሜሪካ ውስጥ ይቻላል። መምህሩ በየትኛው ሕግ ይተዳደር? ደንቡ ለዚህ መልስ የለውም።

ብዙዎቹ ውሎችም በቀላሉ አይታዩም ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2019 የ90 ዩኒቨርሲቲዎችን ውል ሲመረምር 42ቱ ውስጥ ሰነዱ ምስጢር ነው የሚል አነጋገር አግኝቷል። የቋንቋ ኮርስ ውል ለምን ምስጢር ይሆናል? እኔ እስካሁን አጥጋቢ መልስ አላየሁም።

ከካናዳ የመጣው ማስጠንቀቂያ

ቺካጎዎች ስጋታቸውን ከአየር ላይ አልዘገኑትም። ካናዳ ውስጥ፣ ኦንታሪዮ፣ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ከ2008 ጀምሮ ኢንስቲትዩት ነበረው። ከቻይና ተልካ የመጣች አንዲት መምህርት በ2011 ሥራዋን ለቀቀች። የፋሉን ጎንግ እምነት ተከታይ ነበረች። ቻይና ይህን እንቅስቃሴ በ1999 አግዳለች። መምህርቷ ከመምጣቴ በፊት የፈረምኩት ውል እምነቴን እንድደብቅ አስገደደኝ ብላ ለኦንታሪዮ የሰብአዊ መብት ችሎት አመለከተች።

ሀንባን በድረ ገጹ ላይ ለአመልካቾች ያወጣው መስፈርት ይህን አልደበቀውም ነበር። ዕድሜ ከ22 እስከ 60፣ ጤና፣ ከዚያ ደግሞ በፋሉን ጎንግ ያልተሳተፈ የሚል ነበረበት። የካናዳ ሕግ ሰውን በእምነቱ ምክንያት ከሥራ መከልከልን አይፈቅድም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ቢቀጥር ሕገ ወጥ የሚሆንበትን ነገር፣ ሌላ ሰው ቀጥሮ ሲያመጣለት ዝም ብሎ ይቀበላል ወይ? ማክማስተር ከሀንባን ጋር ተነጋገረ። አልተስማሙም። ፌብሩዋሪ 2013 እንደሚዘጋ አስታወቀ፣ በዚያው ዓመት ጁላይ መጨረሻ ላይም ዘጋ።

ለእኔ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ክፍል ውስጥ ስለ ታይዋን እንዳያወራ ማንም አፉን መያዝ አያስፈልገውም። ገና አመልካች እያለ ማጣራት ይበቃል። የሚጠይቅ፣ የሚያመነታ፣ የተለየ እምነት ያለው ሰው ከመነሻው አይመጣም። የመጡት ደግሞ ሲመለሱ ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ። ቤተሰባቸው እዚያ ነው። እነዚህን መምህራን አልወቅሳቸውም። ከአገራቸው ርቀው፣ ብዙ ጊዜ ገና በወጣትነታቸው፣ «ኒ ሃው» እያሉ የባዕድ ልጆች የሚያስተምሩ ትጉ ሰዎች ናቸው። ጫናው ያለው እነሱ ላይ ነው።

ቺካጎ

ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ቻይንኛ ለማስተማር የማንንም እርዳታ የሚፈልግ ቤት አልነበረም። ሄርሊ ክሪል የተባሉ ምሁር ከ1936 ጀምሮ እዚያ ቻይንኛ አስተምረዋል። የምሥራቅ እስያ ቋንቋዎች ክፍሉ የታወቀ ነው። ቤተ መጻሕፍቱም እንደዚያው። ግን በሴፕቴምበር 2009 ውሉ ተፈረመ፣ ጁን 2010 ኢንስቲትዩቱ ተመረቀ። ስለ ቻይና ኢኮኖሚና ዕድገት የሚደረግ ጥናትንም የሚደግፍ ተባለ።

መምህራኑን ያስቆጣው አፈጻጸሙ ነው። ውሉ የተፈረመው የመምህራኑ ምክር ቤት ድምፅ ሳይሰጥበት ነው። በ2010 174 መምህራን የተቃውሞ ደብዳቤ ፈረሙ። ተቃውሟቸው ኮንፊሺየስ ላይ ብቻ አልነበረም። በኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን ስም ስለተቋቋመው የምርምር ማዕከልም ተከራክረዋል። የሚያስተሳስራቸው አንድ ነገር ነበር። ዩኒቨርሲቲው ከውጭ ገንዘብ ጋር ሲዋዋል እኛን ማን ጠየቀን? የሚል ነው። ይህን ነጥብ የማነሣው በምክንያት ነው። ተቃውሞውን የቻይና ጥላቻ አድርጎ ማየት የሚፈልግ ሰው፣ ያው ሰዎች በዚያው ወረቀት ላይ የአሜሪካን የነጻ ገበያ አባት ስምም እንዳልተዉ ቢያውቅ ጥሩ ነው።

አስተዳደሩ ቀጠለ። 3 ዓመት አለፈ። ኦክቶበር 2013 የዩኒቨርሲቲው የአንትሮፖሎጂ አንጋፋ፣ ጡረታ የወጡት ማርሻል ሳህሊንስ፣ ዘ ኔሽን በተባለው መጽሔት ላይ ረጅም ጽሑፍ አወጡ። ያኔ 82 ዓመታቸው ነበር። የውሎቹን ምስጢርነት፣ የቅጥሩን ነገር፣ ማክማስተር የሆነውን ሁሉ ዘርዝረው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልተቻለም። ዲሴምበር ላይ የካናዳ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ማኅበር ዩኒቨርሲቲዎች ከኢንስቲትዩቶቹ ጋር ያላቸውን ግንኙነት እንዲያቋርጡ ጠየቀ።

ሳህሊንስ ካነሷቸው ነጥቦች አንዱ በዜና ብዙም አልተወራም። እኔን ግን ልቤን የነካኝ እሱ ነው። የፊደል ጉዳይ ነው። ኢንስቲትዩቶቹ የሚያስተምሩት ቻይና ከ1956 ጀምሮ ባቀለለችው አጻጻፍ ነው። ፍቅር የሚለውን ቃል እንውሰድ። ቻይንኛው «አይ» ነው። በቀድሞው አጻጻፍ ምልክቱ መሐል ላይ ልብ የሚል ሌላ ትንሽ ምልክት ተቀምጦበታል። ሲቀልል ያ ልብ ወጣ። ዛሬ ቤጂንግ ላይ ፍቅር የሚጻፈው ያለ ልብ ነው። ታይዋንና ሆንግ ኮንግ ግን ከነልቡ ይጽፉታል።

እኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ ይቀነሱ አይቀነሱ እያልን ስንት ዘመን ተከራክረናል። ፊደል መቀነስ ምን እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ማቅለሉ ብዙ ሰው ማንበብ እንዲችል ረድቷል የሚሉ አሉ፤ እውነት አላቸው። ግን የቀለለውን ብቻ የተማረ ተማሪ ከ1950ዎቹ በፊት የታተመ መጽሐፍ ሲያነሳ ይቸገራል። የታይፔ ጋዜጣም ይከብደዋል። ማንም አታንብብ አላለውም። መንገዱ ብቻ ጠቧል።

በ2014 የጸደይ ወራት ከ100 በላይ መምህራን፣ ቁጥራቸው 108 ነው፣ ውሉ እንዳይታደስ ፈርመው ለዩኒቨርሲቲው ምክር ቤት አስገቡ። ከአስተባባሪዎቹ አንዱ የሃይማኖት ታሪክ ምሁሩ ብሩስ ሊንከን ነበሩ። ክርክራቸው ግልጽ ነበር። ክሬዲት ያለውን ኮርስ የሚያስተምረውን ሰው የሚመለምለው፣ የሚያሠለጥነው፣ የሚልከው የሌላ አገር መንግሥት መሥሪያ ቤት ሊሆን አይገባም። ጁን ላይ የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ማኅበርም ተመሳሳይ መግለጫ አወጣ። ወይ ዩኒቨርሲቲዎቹ የትምህርቱን ነገር ሙሉ በሙሉ ራሳቸው ይምሩ፣ የተላኩት መምህራንም እንደ ሌላው መምህር ነጻነት ይኑራቸው፣ ውሉም ይፋ ይሁን፤ ወይ ደግሞ ይቅር አለ።

ለአስተዳደሩም ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። ክሱ ቺካጎ ውስጥ እንዲህ ያለ ንግግር ታፈነ የሚል አልነበረም። ክርክሩ የቆመው በመርህ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ቤጂንግ ላይ በ2010 የራሱን ማዕከል ከፍቶ ነበር። እዚያ ተማሪ አለው፣ ጥናት አለው። በሩን ጠርቅሞ መውጣት ለእሱ ቀላል አልነበረም። ድርድር መጀመሩ አያስወቅሰውም።

ፖርቱጋል ላይ የተቀደዱት ገጾች

በዚያው በጋ ሌላ ነገር ሆነ። ጁላይ 2014 የአውሮፓ የቻይና ጥናት ማኅበር 20ኛ ጉባኤውን ፖርቱጋል ውስጥ፣ ብራጋና ኮይምብራ ላይ አዘጋጀ። ሀንባን ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበር። አንድ የታይዋን ፋውንዴሽንም ደግፎ ነበር፤ በታይዋን ፕሬዚዳንት በነበሩት በቺያንግ ቺንግኩዎ ስም የሚጠራው። የጉባኤው መጽሐፍ ታትሞ ተዘጋጅቷል። እንደተለመደው የደጋፊዎች ስም ተዘርዝሯል።

ሹ ሊን ብራጋ ደረሱ። መጽሐፉን አዩ። በእሳቸው ትእዛዝ ጽሑፎቹ ከአዳራሹ ተነሥተው አንድ የኮንፊሺየስ ኢንስቲትዩት ሠራተኛ ወዳለበት አፓርታማ ተወሰዱ። ሲመለሱ ገጽ ጎድሏቸው ነበር። የታይዋኑ ፋውንዴሽንና የታይዋን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የተጠቀሱባቸው ገጾች ተቀደዋል። ቀደም ብለው የተመዘገቡት ሙሉውን ይዘዋል። ዘግይተው የመጡት የጎደለውን ተቀበሉ።

እስቲ አስቡት። በዓለም ያሉ የቻይና ጥናት ሊቃውንት በአንድ አዳራሽ ተሰብስበዋል። ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን ባህል ሲያጠኑ፣ ሲወዱትም የኖሩ ናቸው። ቡና ሰዓት ላይ የአንዱ መጽሐፍ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ገጹ አይገጥምም። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሮጀር ግሬትሬክስ የተቀደዱትን ገጾች አሳትመው ለተሳታፊዎች አደሉ። በኋላም ማኅበሩ በይፋ ተቃወመ።

ማንም የኢንስቲትዩቶቹ ተቃዋሚ እንደዚያ ጥቂት ገጽ ወረቀት ጉዳዩን ግልጽ አላደረገውም። ቺካጎ ውስጥ እስከዚያ ድረስ ሰዎች ሊሆን ይችላል እያሉ ይከራከሩ ነበር። ብራጋ ላይ በአደባባይ ሆነ። ያደረጉት ደግሞ አንድ ተራ ሠራተኛ ሳይሆኑ ዋና ዳይሬክተሯ ናቸው። ከሁለት ወር በኋላ የጄፋንግ ዴይሊ ጽሑፍ ሲወጣ፣ የቺካጎ አስተዳደር እጁ ላይ የነበረው የጋዜጣ ጉራ ብቻ አልነበረም። የ108 መምህራን ፊርማ ነበር፣ የማክማስተር ፋይል ነበር፣ የብራጋ ገጾች ነበሩ።

ሹ ሊንም አቋማቸውን አልሸሸጉም። ዲሴምበር 2014 ለቢቢሲ በሰጡት ቃለ ምልልስ፣ የምንልካቸው መምህራን ሁሉ ታይዋን የቻይና ናት ይላሉ አሉ። በቅንነት የተነገረ ነው። ሁሉም አንድ መልስ የሚሰጡበት ክፍል ግን ምን ዓይነት ክፍል ነው? ተማሪ እጁን አውጥቶ የሚጠይቀው መምህሩ ራሱ አስቦ እንዲመልስለት ነው።

ከዚያ በኋላ

ቺካጎ መግለጫውን ባወጣ በ3ኛው ቀን ቤጂንግ ላይ የኢንስቲትዩቶቹ 10ኛ ዓመት በድምቀት ተከበረ ማለት ይቻላል፤ ቀኑ ሴፕቴምበር 27 ነበር። ፕሬዚዳንት ሺ ጂንፒንግ የደስታ መልእክት ላኩ። ኦክቶበር 1 ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ እኔም አላድስም አለ። በወሩ መጨረሻ የቶሮንቶ የትምህርት ቤቶች ቦርድ 20 ለ2 በሆነ ድምፅ ውሉን ሰረዘ። የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲም፣ አውሮፓ ውስጥ የመጀመሪያው የነበረው፣ አላደሰም።

ከ2018 ወዲህ ያለው ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ሰዎች ከቺካጎው ጋር ሲያምታቱት አዝናለሁ። በ2018 የጸደቀው የአሜሪካ የመከላከያ በጀት ሕግ፣ የኮንፊሺየስ ኢንስቲትዩት ያለው ዩኒቨርሲቲ ከመከላከያ ሚኒስቴር ለቻይንኛ ትምህርት የሚሰጠውን ገንዘብ እንዳያገኝ አደረገ። ኦገስት 2020 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዋሽንግተን ያለውን የኢንስቲትዩቶቹን ማዕከል የውጭ መንግሥት ተልእኮ ብሎ መደበው። ዩኒቨርሲቲዎች ተራ በተራ ዘጉ። 100 ያህል ከነበሩት በ2023 የቀሩት ከ5 ያነሱ ነበሩ። ቤጂንግም በ2020 የሀንባንን ስም ቀይራ ኢንስቲትዩቶቹን ለአንድ ፋውንዴሽን አስተላለፈች።

ቺካጎ ላይ እንዲዘጋ የታገሉት መምህራን ናቸው፤ ለክፍላቸው ነጻነት ብለው። በኋላ የዘጋው በጀትና የመንግሥታት ፉክክር ነው። የመጀመሪያው ቻይንኛ መማርን አልነካም። በዚያ መኸር የቺካጎ ተማሪ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በቀጠረው መምህር ቻይንኛውን መማሩን ቀጠለ። ሁለተኛው ግን የራሳቸው የቻይንኛ ክፍል የሌላቸውን ትንንሽ ኮሌጆች ጭምር ጠራርጎ ሄደ። ኢንስቲትዩቱ ሲዘጋ ቻይንኛውም አብሮ የሄደበት ቦታ አለ። ይህ ያሳዝነኛል። ይህን ያህል ብዙ የሚነበብ ነገር ያለበትን ቋንቋ መማር ለማንም ወጣት በረከት ነው።

እኛስ? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኮንፊሺየስ ኢንስቲትዩት አለው። ቻይንኛ የሚችል ወጣት በግንባታ ድርጅት፣ በፋብሪካ፣ በባቡር ሥራ አስተርጓሚ ሆኖ ሲቀጠር አይተናል። ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ቤጂንግ ወይም ቲያንጂን የሄደ ልጅ የሌለበት ሰፈር ያለ አይመስለኝም። እኛ እንደ ቺካጎ ከ1936 የጀመረ ክፍል የለንም። ስለዚህ ዝጉት ብል ውሸታም እሆናለሁ። የምለው ውሉ ይነበብ ነው። መምህሩን ማን ይመርጣል? የሚለው አንቀጽ ይታይ። ከጎኑ ደግሞ በራሳችን ደመወዝ የሚከፈለው፣ የራሳችን ልጅ የሆነ የቻይንኛ መምህር ይኑር። ብዙ ተማሪዎቻችን ቻይና ተምረው ተመልሰዋል፤ ሰው አልጠፋም።

ይህን ስል የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው። ገንዘብ የሚሰጠው እሱ፣ እኛ ምን አቅም አለንና እንደራደራለን? ይባላል።

ስታንፎርድ ያጋጠመውን ላንሣ። ሀንባን ለስታንፎርድ 4 ሚሊዮን ዶላር ይሰጣል፤ ኢንስቲትዩት ይከፈታል፣ አንድ የፕሮፌሰርነት ወንበርም ይቋቋማል ተባለ። በንግግሩ መሐል ከሀንባን ወገን አንድ ነገር ተነሣ። ፕሮፌሰሩ እንደ ቲቤት ያሉ ስሱ ጉዳዮችን ባያነሣ ይሻላል የሚል። ያኔ የሥነ ሰብእናና የሳይንስ ትምህርት ቤቱ ዲን የነበሩት ሪቻርድ ሳለር የሮም ታሪክ ምሁር ናቸው። የመምህራኖቻችንን አፍ አንይዝም ብለው መለሱ። ሀንባን አልተቆጣም። በአንድ መስመር ደብዳቤም ውጡ አላለም። ገንዘቡን ሰጠ።

ወንበሩም ተቋቋመ። ለጥንታዊ የቻይና ግጥም።